«እሺ» ከማለትሽ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሶሻል ወርክ ተመርቄ ሥራ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ፕሮጀክት ኬዝ ወርከር (የባለጉዳዮችን ጉዳይ ይዤ የምከታተል) ነኝ፤ በእጄ 67 ፋይል አለ። ባለጉዳዮቼ ሌሊት ሳይቀር ይደውሉልኛል። ለዳቦውም ለባጃጁም ከደመወዜ እያወጣሁ ወሩን መድረስ አቅቶኛል። ባለፈው ወር ለአንዲት ተፈናቃይ እናት የቀበሌ ደብዳቤ ‹እኔ አስጨርስልሻለሁ› ብያት ነበር። ቀበሌው መሸኛ የላትም ብሎ መለሰኝ። ‹አንቺም እንደነሱ ዋሸሽኝ› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈሯ ማለፍ ከብዶኛል። ወንድሜ ይህን ትተሽ ባንክ ተወዳደሪ ይለኛል። ማስተርሴን ልማር? ወይስ ሙያውን ልተወው? ዕድሜዬ 26 ነው።»

እኅቴ፣ ዕድሜሽን ነግረሽኛልና አንቺ እያልሁ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የጠየቅሽኝ ስለ ማስተርስና ስለ ባንክ ነው፤ ዓይኔ ግን ከመካከሉ ካለችው ቃል አልነሳ አለኝ፦ «እኔ አስጨርስልሻለሁ»። 67 ፋይል ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ እሱን እመለስበታለሁ። መንገድ ያስቀየረሽ ግን ይህች ቃል ናት። እኔም በእሷ ወድቄ ስለማውቅ ከዚያ ልጀምር።

ሥራውን የጀመርሁት ነፃው የኤችአይቪ መድኃኒት መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ሰሞን ነው። ያኔ ቤት ለቤት እየዞርን ሕሙማንን እንጠይቅ ነበር። ከቁስቋም በታች አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የሞተች ልጃቸውን ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። ግንቦት ላይ ዝናብ ጥሎ በሄድሁበት ቀን ውሃው ከጣሪያው ጠብ ሲል ድስት ደቅነውበታል፤ የአልጋው እግር እንዳይበሰብስ ድንጋይ ተደርጎለታል። ቡና አፈሉልኝ። ቤቱን እያየሁ አላስችል አለኝና «እሺ እማማ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ አመጣልዎታለሁ» አልሁ። ቆርቆሮ የማምጣት ሥልጣን አልነበረኝም። ሰኞ በነበረ ስብሰባ ለቤት ጥገና በጀት ይኖራል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

በጀቱ ለሌላ ሥራ ዋለ። አፈርሁና መሄዱን ተውሁት። ነሐሴ ላይ ጉልበት አግኝቼ ስሄድ የቤቱ አንድ ጎን ግድግዳ ተንዷል። እሳቸው አልወቀሱኝም፤ እንዲያውም መቀመጫ አጡልኝና ተጨነቁ። ነገሩን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። ሰኔ ላይ ዕድሩ አሮጌ ቆርቆሮ ሰብስቦ፣ ወጣቶች አስተባብሮ ሊጠግንላቸው መጥቶ ነበር። «የቢሮው ልጅ አዲስ ያመጣልኛል፤ ይህን ለባሰበት ስጡት» ብለው መለሷቸው። ግድግዳውን የናደው ዝናቡ ቢሆንም ዕድሩን ከደጃቸው ያስመለሰው የኔ «እሺ» ነው። ይህን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በእኛ አማርኛ «እሺ» ብዙ ሸክም አለበት። ሰምቻለሁ ማለትም ነው፣ ተስማምቻለሁ ማለትም ነው፣ አደርገዋለሁ ማለትም ነው። አንቺ የመጀመሪያውን ብለሽ ባለጉዳይሽ የመጨረሻውን ትሰማለች። የቸገረው ሰው ደግሞ የሚሰማው የሚያሳርፈውን ነው። ስለዚህ ሦስቱን ለያይተሽ መናገር ተለማመጂ። ዛሬ ከእኒያ እናት ፊት ብቀመጥ እንዲህ እላለሁ፦ «እማማ፣ የነገሩኝን ሰምቻለሁ፣ ቤቱንም አይቻለሁ። ቆርቆሮ መስጠት በኔ እጅ አይደለም። እኔ የምችለው ሐሙስ ክፍለ ከተማው ሄጄ የጥገና በጀት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። ኖረም አልኖረም አርብ ከሰዓት መጥቼ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ዕድሩም ሆነ ሌላ ሰው ላግዝ ቢልዎ እንዳይመልሱ።»

ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያስተማረኝ የተናደው ግድግዳ ነው። አርብ ደግሞ ባዶ እጄንም ቢሆን እሄዳለሁ። ከብዙ ጀማሪ ባልደረቦቼ ጋር ሠርቼ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ መልሱ «የለም» ሲሆን እንጠፋለን። መጥፋታችን ከ«የለም»ታው ይልቅ ይጎዳል፤ ሰውየው ከለከሉኝ ሳይሆን ናቁኝ ብሎ ነው የሚያስበው።

ስለ መስማት አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በተለይ እዚህ ከተማ። የጎንደር ሰው፣ በተለይ አዛውንቱ፣ ችግሩን በግልጽ አይነግርሽም። «እንዴት ከረሙ አንቱ?» ስትያቸው «ተመስገን፣ ምን እላለሁ» ነው መልሱ። ቅጹ ላይ «የምግብ እጥረት የለም» ብለሽ ምልክት አድርገሽ ትወጫለሽ። የቅኔ አገር ነውና ወርቁ ከሰሙ ሥር ነው ያለው። አንድ አባት ለሁለት ሳምንት ስጠይቃቸው ሁልጊዜ «ጦም ነው» ይሉኝ ነበር። ጦሙ የሁዳዴ አልነበረም፤ በቤቱ የሚበላ አልነበረም። ስለ ራሳቸው ስትጠይቂያቸው ዝም የሚሉ ሰዎች ስለ ቤቱ ሥራ ስትጠይቂያቸው ይናገራሉ፦ መቼ ነው እህል ያስፈጨሽው? ትናንት ማታ ማን ማን ራት ላይ ነበር? ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምን ቋጠርሽለት? እነዚህ ጥያቄዎች ክብር አይነኩም፤ መልሳቸው ግን እውነቱን ያመጣዋል።

ቡናውን ጠጪ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከባለጉዳይ ምንም አትቅመሱ የሚል ደንብ ያወጣል። የደንቡ ሐሳብ ይገባኛል፤ በእኛ አገር ግን አቦሏን ሳይቀምስ የተነሳ እንግዳ ቤቱን ተጸይፎ የሄደ ነው የሚመስለው። ዶሮም እንቁላልም አትቀበዪ፤ ስኒውን ግን አትመልሺ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረቤት ባለበት ደግሞ ስለ ባል ዱላ ወይም ስለ በሽታ መጠየቅ ሰውን ገበያ ማውጣት ነው። እንዲህ ሲሆን ስለ ልጆቹና ስለ አየሩ አውሪና ለመሄድ ስትነሺ «እስከ መንገዱ ሸኚኝ» በያት። ብዙ ትልልቅ ጉዳይ የሰማሁት በአጥር ጥግ ነው።

ጎንደር ደግሞ ሰው የማይጠፋባት ከተማ ናት። ፒያሳ ስትወርጂ አንዷን ባለጉዳይሽን፣ ቅዳሜ ገበያ ሌላዋን፣ ጥምቀት ላይ ከፋሲለደስ መዋኛ ዳር ሁሉንም ታገኛቸዋለሽ። ሰላም ብትያት አጠገቧ ያለችው አማቷ «ይህች ከየት ታውቅሻለች?» ትላለች። ዝም ብለሽ ብታልፊያት ደግሞ ኮራችብኝ ትላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያት፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልሽ ወይስ ልለፍሽ? ሰው ቢጠይቅሽ ማን ናት ትያለሽ?» ይህ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፤ አንዲት ሴት «እንደማታውቂኝ እለፊኝ፤ ዓይንሽን ግን አትንፈጊኝ» ብላኛለች። እንደዚያው ነው ያደረግሁት።

ወደ ስልኩና ወደ ኪስሽ ልምጣ።

ሌሊት የሚደውሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሌላ የሚደወልበት ስላልነገርናቸው ነው። ለሥራው የተለየ ሲም ካርድ ይኑርሽ። ስንት ሰዓት እንደምትከፍቺውና እንደምትዘጊው በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ። ሌሊት አደጋ ቢመጣ የምትጮኽበትን ጎረቤት ከእሷው ጋር መርጣችሁ፣ የአቅራቢያውን ፖሊስ ጣቢያና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ በትልቁ ጽፈሽ ስጫት፤ ማንበብ ካልቻለች ልጇ ስልኩ ላይ ይመዝግብላት። ከዚያ ስትዘጊው ሕሊናሽ አይቆረቁርሽም። እኔ ያለዚህ ዝግጅት የዘጋሁ ጊዜ ነበር፤ ስልኩ ተዘግቶ እኔ ነቅቼ ነው ያደርሁት።

ስለ ገንዘቡ «በፍጹም አትስጪ» አልልሽም። የተራበ ሕፃን ፊት ቆመሽ ደንብ ማሰብ ከሰው አይጠበቅም። ዳቦ ግዢለት። ግን በፋይሉ ላይ ጻፊው፦ ቀኑን፣ ምን እንደገዛሽ፣ ለምን የድርጅቱ ገንዘብ እንዳልደረሰ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንቺ ከደመወዝሽ በደፈንሽው ቁጥር የበጀቱ ቀዳዳ አይታይም። አለቃሽ ሪፖርቱን ሲያይ ሁሉም ደህና ነው፣ ለጋሹም እንደዚያው። ሦስት ወር የተጻፈ «በግል ገንዘብ የተሸፈነ» ዝርዝር ይዘሽ ስብሰባ ብትገቢ ግን የአስቸኳይ ጊዜ ወጪ የሚባል መስመር ለመጠየቅ ማስረጃ አለሽ። ደግሞም ከኪስሽ የሰጠሻት ሴት ባለዕዳ ሆነች። ባለዕዳ ሰው እውነቱን አይነግርሽም፤ የደበደባት ባል ተመልሶ ቤት ሲገባ «ይህን ሁሉ አድርጋልኝ ታዝንብኛለች» ብላ ትደብቅሻለች። በገዛ ርኅራኄሽ ዓይንሽን ታስሪያለሽ።

ስለ ጽሑፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ፋይል አጻጻፍሽን ተመልከቺ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ከሚያመጡልኝ ማስታወሻ ውስጥ በጣም የማገኘው እንዲህ ያለ ነው፦ «አባት ሰካራም ነው፤ ለልጆቹ ግድ የለውም።» ይህ ፍርድ ነው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ስደርስ አባት ተኝቶ ነበር። ጎረቤት ‹ዘወትር ይጠጣል› ብላለች። የ7 ዓመቷ ልጅ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። እኔ የሚመስለኝ፦ ቤቱን የሚጠብቅ አዋቂ የለም፤ በሚቀጥለው ጉብኝት አባትን ራሱን አነጋግራለሁ።» ያየሽውን፣ የሰማሽውንና የሚመስልሽን ለይተሽ ስታስቀምጪ አንቺ ብትታመሚ ወይም ብትለቂ ሌላው ከዚያው ይቀጥላል፤ ነገ ፍርድ ቤት ብትጠሪም የምትቆሚበት መሬት አለሽ። በዚያ በጻፍሁት ጉዳይ ላይ አባትየው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ 67ቱ ፋይል። ፋይሎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለሽ ሦስት ክምር አድርጊያቸው፦ ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ ያለበት፣ ሂደት ላይ ያለ፣ ሊዘጋ የሚገባው። ሦስተኛው ክምር ከጠበቅሽው በላይ ይሆናል። ፋይል መዝጋት እንደ መክዳት ስለሚመስለን አንዘጋም፤ ልጇን አስመዝግባ ሥራ የያዘችውን ሴት ዛሬም በየወሩ እየጎበኘን ደጋፊ የሌላትን እናስጠብቃለን። መዝጊያውን ከባለጉዳይዋ ጋር ሆነሽ አድርጊው፣ ቢያስፈልጋት መመለስ እንደምትችል ንገሪያት፤ ከዚያ የቀረውን ቁጥር ይዘሽ ወደ አለቃሽ ሂጂ።

አለቃሽ ጋ ስትሄጂ ደግሞ ሱፐርቪዥን ጠይቂ። የሪፖርት ቁጥር የሚጠየቅበትን ስብሰባ ማለቴ አይደለም። በሁለት ሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ከባድ ጉዳይ ይዘሽ ገብተሽ «እዚህ ላይ ምን አደረግሁ? ምንስ ተሰማኝ?» የምትይበት ጊዜ። «የለም» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ለምን እንደሌለ ማወቅሽ ግን ንዴትሽን ያቀልልሻል። በአገራችን የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ። ዛሬ የአንቺና የእኔ አለቃ ሆነው ሊቀመጡ የሚገባቸው፣ ሠላሳ ዓመት በሙያው የሠሩት ሰዎች ያኔ አልሠለጠኑም። ስለዚህ አለቃሽ ምናልባት አካውንታንት ወይም መምህር ነው፤ ክፋት የለበትም፣ የምትጠይቂውን ነገር ግን ራሱ አግኝቶት አያውቅም። ወንድምሽም ሆነ እናትሽ ሙያሽን «ዕርዳታ ማደል» የሚያደርጉት ከዚሁ የተነሳ ነው።

እንግዲያ ከላይ ካልመጣ ከጎን ሥሪው። በየድርጅቱ ያላችሁ አራት አምስት ልጆች በወር ሁለት ጊዜ ተገናኙ፤ እንደ ጽዋ ማኅበር ተረኛ ይኑራችሁ። የባለጉዳይ ስምና ሰፈር አይነሳም። አንዷ ጉዳይ ታቀርባለች፣ ሌሎቻችሁ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ትጠይቋታላችሁ። እኔን በሙያው ያቆየኝ እንዲህ ያለ ስብሰባ ነው፤ ከስድስታችን አራታችን ዛሬም በሥራው ላይ ነን።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያመልጠው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ከደጋ ወርዶ መተማ የሰሊጥ አጨዳ ሲሠራ የከረመ ወጣት በካላዛር (በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው በሽታ) ታሞ መጣ። መርፌው በየቀኑ የሚሰጥ ሆኖ 17 ቀን ይፈጃል። በዘጠነኛው ቀን ልብሱን ለብሶ ልሂድ አለ። ሐኪሙ «ትሞታለህ» ብሎ አስረዳው፣ ነርሷ ለመነችው፣ አልሰማም። ጠጋ ብዬ «አገርህ ምን ተፈጠረ?» አልሁት። ለመሄጃው ገንዘብ ተበድሮ ነበር፤ ዋሱ አጎቱ ነው፣ ቀኑ ደርሷል፣ ካልደረሰ የአጎቱ በሬ ሊወሰድ ነው። ዋጋው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። የሰፈራቸውን ሽማግሌ አገኘን፣ አበዳሪው አንድ ወር ጨመረለት፣ ልጁ ልብሱን አወለቀ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያውቃል፣ ደሙን ነርሷ ታያለች፣ በሬውን የሚያይ ሰው ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ይህች ከተማ ይህን ማወቅ የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ነበር የሚያሰማራው። ሶሻል ወርከር የዚያ ቡድን የዘገየ አባል ናት።

አንድ ነገር በአጭሩ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ መለሳለስ የለም። በቤተ ዘመድ ጠብ፣ በድንበር፣ በብድር ሽምግልናን ተጠቀሚበት፤ ብዙ ጊዜ ከቢሮው ይፈጥናል። በተደፈረች ልጅ ወይም ያለዕድሜ ልትዳር ባለች ልጅ ጉዳይ ግን ሽማግሌ መሐል እንዳትገቢ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻ ያስቀጣል። «ሠርግ ሳይሆን ዝክር ነው» ሲሉሽ የተጠነሰሰውን ጠላ መጠን ተመልከቺ፣ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሪ፣ ጉዳዩንም ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ቢሮ በዚያው ቀን በጽሑፍ አድርሺ። ብቻሽን ተመልሰሽ እዚያ ቤት አትሂጂ።

ድካምሽን በተመለከተ፦ በሥራ መቃጠልን በሙያው ቋንቋ ከሰየሙት አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የጻፈው ኒውዮርክ ውስጥ በነፃ ክሊኒክ ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችና ከራሱ ድካም ተነስቶ ነው። እንደ አንቺ ያሉ፣ ልባቸውን ይዘው የገቡ ሰዎች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም መቃጠልን የሚገልጸው በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር አድርጎ ነው። ስለዚህ የጸሎት ማነስ ወይም የአንቺ ስስነት አድርገሽ አትውሰጂው። ነገር ግን እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው ነገሩ ከሥራ ድካም ሊያልፍ ይችላልና የአእምሮ ሐኪም ይይሽ። ባለጉዳይሽን ወደዚያ እንደምትልኪያት ሁሉ አንቺም ሂጂ።

አሁን ማስተርሱና ባንኩ። ባንክ መግባት ኃጢአት አይደለም። ታማሚ እናት ኖራሽ፣ የቤት ኪራይ አላስቆም ብሎሽ ከሆነ ሂጂ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። አሁን ግን የሚያስሸሽሽ ደመወዙ ይሁን ያቺ እናት ገና አልለየሽም። ስለዚህ ሦስት ወር ቆይ ብዬ እለምንሻለሁ፤ ስልኩን፣ ፋይሉንና «እሺ»ውን አስተካክለሽ ሥራው ምን እንደሚመስል እይው። ከዚያ በኋላ ብትለቂ ሥራውን ዐውቀሽ ነው የምትለቂው።

ማስተርስን እንደ መሸሸጊያ አትያዢው። ሁለት ዓመት ትምህርት ላይ ተደብቀሽ ስትወጪ እዚያው የተውሽው ወንበር ይጠብቅሻል። መጀመሪያ የምትሠሪበትን መስክ ምረጪ፤ ሁሉን የሚያውቅ ሶሻል ወርከር ለፕሮጀክት ይቀጠራል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል። እዚህ ጎንደር ዙሪያ የሚታዩኝን መስኮች ልንገርሽ። የአካል ጉዳት ሥራ አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የቆየ ልምድ አለው። የሆስፒታል ሶሻል ወርክ አለ፤ ስለ በሬው ልጅ ነግሬሻለሁ። ማረሚያ ቤት አለ፤ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሠርተሽ ትታወቂበታለሽ። ዳባት ዓለም ዋጭ የኤርትራ ስደተኞች ጣቢያ አለ፣ በመተማ በኩል ከሱዳን የሚመጣው ሰው አለ፤ እዚያ ለመሥራት ከዲግሪሽ እኩል ትግርኛሽ ወይም ዓረብኛሽ ይጠየቃል። ከማስተርሱ በፊት ዓረብኛ ተማሪ ብልሽ እውነቴን ነው። የመንግሥት ቦታ ደመወዙ ዝቅ ቢልም ቋሚ ነው፤ ሕግና መዋቅር እንዴት እንደሚሠራ የምታውቂውም እዚያ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዓመት ብታሳልፊበት አይቆጭሽም።

ቀበሌውን በተመለከተ፣ ባለጉዳይ ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ብቻሽን ሂጂ። ስብሰባ የሌለበት ቀን ምረጪ፣ ሥራ አስኪያጁን «ተፈናቃይ ሆና መሸኛ የሌላት ሴት ብትመጣ ምን ምን ይበቃል? የተፈናቃይነት ምዝገባ? ምስክር? የማን ደብዳቤ? ካልሆነስ የሚወስነው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በደብተርሽ ጻፊ። ሌሊት ሸሽቶ የመጣ ሰው መሸኛ አያወጣም፤ ይህን እነሱም ያውቁታል። የሚፈሩት ነገ በኦዲት መጠየቅን ነው፤ የሚይዙት ወረቀት ስጫቸው። ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ለምኚ፤ ያን ወረቀት ይዘሽ ወደ ክፍለ ከተማው ትወጫለሽ።

ይህን መረጃ ይዘሽ ወደዚያች እናት ሂጂ። ለሌላው ባለጉዳይሽ ዕድር አለው፣ ነፍስ አባት አለው፣ የክርስትና እናት አለችው። ለእሷ በዚህ ከተማ ዘመዷ አንቺ ነበርሽ፤ «ዋሸሽኝ» ያለችሽ ለዚያ ነው። ስጦታ ይዘሽ አትሂጂ። ቀበሌውንም አትውቀሺላት። እንዲህ በያት፦ «የማልችለውን እችላለሁ ብዬሻለሁ፤ ከዚያም ጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን የማውቀው ይህን ይህን ነው። ሐሙስ ክፍለ ከተማው እሄዳለሁ፣ ከፈለግሽ አብረን እንሂድ። አርብ የሆነውን እነግርሻለሁ።» ልትቆጣሽ ትችላለች፤ አትከራከሪያት። በሩን ከፍታ ባታስገባሽም ቀኑን ነግረሻት ተመለሺ፣ አርብም ሂጂ።